ሰዓቱን ያቀበለው ሰው

ሮስኮ ቲልማን ገበያ በወጣ ቁጥር አንድ ሰው ሳያስቆመው አይመለስም።

«ይቅርታ፣ እርስዎን የሆነ ቦታ አውቅዎታለሁ» ትለዋለች አንዲት ሴት፣ ሰላጣውን እንደያዘች። «የወንድሜ የጥርስ ሐኪም አይደሉም?»

«አይደለሁም እመቤት።»

«ታዲያ ፖስታ ቤት ነው?»

«እዚያም አልሠራም።»

ይኼኔ ሚስቱ ዴሊያ ከድንቹ ክምር ቀና ትልና «ባለፈው ወር ባንኩ ሲዘረፍ መጀመሪያ እጁን ወደ ላይ ያነሣው እሱ ነው» ትላለች። ሴትዮዋ ደንግጣ «ባንክ ተዘርፏል እንዴ?» ስትል፣ ዴሊያ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ሽንኩርቱ ትዞራለች።

በርባንክ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ውስጥ እንደዚህ ነበር የሚኖሩት። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሮስኮ ከመቶ አርባ በላይ ፊልም ላይ ታይቷል። መጠጥ ቀጂ ሆኗል፣ የሆቴል ጸሐፊ ሆኗል፣ ሬሳ ገናዥ፣ ባቡር ላይ ትኬት ቆራጭ፣ የሸሪፍ ረዳት ሆኗል። ስሙ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ሰው ተነሥቶ ኮቱን ሲፈልግ ነው። ፊቱን አገር ያውቀዋል፤ ስሙን የሚያውቁት የስቱዲዮው ደሞዝ ከፋይና ሚስቱ ብቻ ናቸው።

ስቱዲዮ ውስጥ ግን ሌላ ስም ነበረው። «አቀባዩን ጥሩልኝ» ይሉ ነበር። ምክንያቱም ሮስኮ የገባበት ፊልም ሁሉ ላይ ለአክተሩ፣ ለዋናው ተዋናይ፣ የሆነ ነገር ያቀብለዋል። ቁልፍ፣ ኮፍያ፣ ደብዳቤ፣ ብርጭቆ፣ አንዴም የታመመች ዶሮ። ባዶ እጁን የገባበት ክፍል የለም። ሰዎቹ እንደ ልማድ ቆጥረውት ይስቃሉ። ልማድ ብቻ አልነበረም። ያስተማረው ሰው ነበር። ያ ሰው አምብሮስ ፊንች ይባላል፤ በሮስኮ ቤትም ስሙ ከተነሣ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ሮስኮ ከኦሃዮ የመጣው ያኔ ሥራ በጠፋበት ዘመን ነው። አንዲት መበለት ቤት ክፍል ሲከራይ፣ ሌላኛው አልጋ ላይ አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ከፊቱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ተጋድሞ አገኘ። አምብሮስ ሦስት ዓመት ቀድሞት የመጣ ነው። ያኔ የራሱ ጥሩ ልብስ ያለው ተዋናይ ቶሎ ሥራ ያገኛል፤ ሁለቱ ግን በመካከላቸው አንድ ጥቁር የእራት ሱፍ ብቻ ነበራቸው። አምብሮስ በቁመት በአንድ ስንዝር ይበልጣል። ስለዚህ የመበለቷ የእህት ልጅ፣ ስፌት የምታውቀው ዴሊያ፣ ሱሪውን ሰኞ ለሮስኮ ታሳጥረዋለች፣ ሐሙስ ለአምብሮስ ታስረዝመዋለች። «የዚህ ሱሪ ጠርዝ ከሁለታችሁ የበለጠ ሥራ ይሠራል» ትላቸው ነበር። ሮስኮ ያገባት ያንን ሱሪ ስትሰፋ እያየ ነው።

አንድ ምሽት ሮስኮ ለነገ የተሰጠውን ቃል ሲለማመድ፣ አምብሮስ ቦሎቄውን በማንኪያ እየጠረገ ጠየቀው።

«ስማ አንተ ጥጃ። ነገ ስንት ቃል አለህ?»

«ስምንት።»

«ስምንቱን እርሳው። እጅህ ላይ ምን አለ?»

«እጄ ላይ? ምንም።»

«እንግዲያው ፊልሙ ውስጥ የለህም።» ማንኪያውን አስቀመጠ። «ፊልም ሁልጊዜ ይረዝማል። ሲረዝም ፊልም ቆራጯ መቀሷን ታነሣለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ቢወጣ ማንም የማይጠይቀውን ነው የምትፈልገው። አንተ ደግሞ ስምንት ቃል ተናግረህ ወጥተሃል፤ ማን ይጠይቅሃል? አሁን ግን ለአክተሩ ኮፍያውን አቀበልከው እንበል። በሚቀጥለው ክፍል ኮፍያ አድርጎ ይታያል። አንተን ካወጣችህ ተመልካቹ ‹ይሄ ኮፍያ ከየት መጣ?› ይላል። ገባህ? የሆነ ነገር አስይዘው። ከዚያ ሂድና ተኛ።»

ሮስኮ በማግስቱ ለአክተሩ ዱላውን አቀበለው። ክፍሉ ተረፈ። የሚቀጥለውም ተረፈ። ከዚያ ወዲያ ባዶ እጁን ገብቶ አያውቅም።

እንዲህ እያሉ አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ። ለሮስኮ ነገሩ እየቀና ሄደ፤ አንድ ስቱዲዮ በዓመት ኮንትራት ያዘው፣ ግቢው ውስጥ ብርቱካን የበቀለበት ትንሽ ቤት ገዛ። አምብሮስ ግን ወደ ኋላ ቀረ። የሚገርመው በትወና ከሁለቱ የሚበልጠው እሱ ነበር፤ ይሄን ሮስኮም ያውቃል። ግን ጆሮው ነው፣ ቁመቱ ነው፣ ዕድል ነው፣ እንጃ። ጦርነቱ ባለቀ በሁለተኛው ዓመት አምብሮስ አሥራ አራት ወር ሙሉ ካሜራ ፊት ሳይቆም ጫማ ሲሸጥ ከረመ።

በየካቲት አንድ እሑድ ከሰዓት ግን ወረቀት እያውለበለበ በረንዳቸው ላይ ወጣ። ዴሊያ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር፤ እግሯ አብጦ ወንበር ላይ ሰቅላዋለች።

«ዴሊያ ተነሽ፣ አይ፣ አትነሺ! ሮስኮ፣ ና እዚህ! አንድ ገጽ ተኩል! አንድ ገጽ ተኩል ንግግር ሰጡኝ!»

ነገሩ የፈረሰኞች ፊልም ነው። አክተሩ አባቱ የተገደለበት ከተማ ይመለሳል። አምብሮስ የቴሌግራም ቤት ጸሐፊ ነው፣ የሟቹ ወዳጅ። የአባቱን የኪስ ሰዓት ለልጁ ይሰጠዋል፣ ስለ አባቱም ይነግረዋል። ሮስኮም እዚያው ፊልም ላይ ጋጣ ጠባቂ ነበር፤ «ፈረሱ ደክሟል፤ ውሃ ላጠጣው?» የሚል ቃል ነው ያለው።

«ሰዓቱን አየኸው?» አለ አምብሮስ ወረቀቱን በጣቱ እየመታ። «ከኔ በኋላ ሦስት ጊዜ አውጥቶ ያየዋል። ሦስት ጊዜ! እኔን ለመቁረጥ ሰውየውን ራሱን መቁረጥ አለባቸው። ጥሩ ከወጣ የአንድ ዓመት ኮንትራት ብለውኛል።»

«ካልሆነስ?» አለች ዴሊያ።

«ካልሆነ አዮዋ ነው። እህቴ ኢዲት ሚስማር ትሸጣለች፤ ከሷ ጋር ሚስማር እቆጥራለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው ዴሊያ፤ ከዚህ በላይ አልጠብቅም።»

ዴሊያ ኬኩን ቆርጣ ስትሰጠው «እንግዲያው እዚሁ ቅር» አለችው። «ይሄን ልጅ ክርስትና የሚያነሣልኝ ሰው ያስፈልገኛል። አንተን ብያለሁ።»

አምብሮስ «ጆሮዬን ካልወረሰ» አለ። ቀጥሎ ኬኩን ሳይነካ ብዙ ቆየ።

እንግዲህ ሮስኮ ምንም አያውቅም ነበር የሚባል ነገር የለም። ሰዓቱ ለአምብሮስ ምን እንደሆነ በጆሮው ሰምቷል፣ በገዛ በረንዳው።

ሰኞ ዕለት ስቱዲዮው ከእሱ ጋር በአንድ ጊዜ የተቀጠሩ ሁለት ሰዎችን አሰናበተ። ሮስኮንም የቢሮው ሰው በመንገድ አግኝቶት «ያንተን ደግሞ በሚያዝያ እናያለን» አለው፤ ክፉ ፊት አላሳየውም፣ ግን ደግ ፊትም አልነበረም። ሮስኮ ያን ቀን እራት አልበላም። ዴሊያ ለሕፃኑ የገዛችውን ትንሽ ብርድ ልብስ አጥፋ ስትዘረጋ፣ ዘርግታ ስታጥፍ ያያል። በጋጣው ክፍል እጁ ላይ ምን አለ? የፈረስ ልጓም። ልጓምን ደግሞ አክተሩ ይዞት አይዞርም።

ፊልም በቅደም ተከተል አይነሣም። የጋጣው ክፍል ማክሰኞ፣ የቴሌግራም ቤቱ ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሮስኮ በዕቃ ያዡ ጠረጴዛ በኩል ሲያልፍ የሳምንቱ ዕቃ ሁሉ ተደርድሯል። ሰዓቱም አለ፣ በሰንሰለቱ።

«ላየው?»

«እየው፣ ግን መልሰው» አለ ዕቃ ያዡ፣ ቡናውን እያማሰለ።

ካሜራው ሲዞር አክተሩ ከፈረሱ ወረደ። ሮስኮ ቃሉን ተናገረ። ከዚያ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ሰዓቱን አወጣ። «አባትህ ፈረሱን ሊያወጣ ሲመጣ እዚህ ምሰሶ ላይ ሰቅሎት ነበር» አለ። «አልተመለሰም።» ብሎ አቀበለው።

አክተሩ ለቅጽበት ግራ ቢገባውም ተቀበለ፤ ሰዓቱን አየ፣ ጨበጠው። ዳይሬክተሩ ሚስተር ሎማክስ «ቁረጥ!» ብሎ ጮኸ። ወደ ሮስኮ መጣ።

«ይሄን ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም ጌታዬ። እጄ ነው ያመጣው።»

ሚስተር ሎማክስ ወረቀቱን ገለጠ፣ አገጩን አከከ። ፊልሙ ገና ከአሁኑ ከተያዘለት ቀን ዘግይቷል። «ቶሎ ወደ ነገሩ ያስገባናል» አለ። «ይቆይ። በቴሌግራም ቤቱ ንግግሩ ብቻ ይሁን፤ ሰዓቱን ከዚያ አውጡት።»

ሮስኮ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ ለራሱ ብዙ ነገር ነገረ። አምብሮስ አንድ ገጽ ተኩል አለው፤ አንድ ገጽ ተኩል ራሱን ችሎ ይቆማል። ማን እንዲህ ያለ ንግግር ይቆርጣል? ልጅ ይወለዳል። ሌላም ሌላም። ለአምብሮስ ደውሎ ሊነግረው ሁለት ጊዜ ስልኩን አነሣ፤ ሁለት ጊዜ አስቀመጠው።

ሐሙስ ሮስኮ ከሩቅ፣ በጋጣው በር ላይ ተቀምጦ መታየት ነበረበት። ስለዚህ ሁሉንም አየ። አምብሮስ ተላጭቶ፣ የጸሐፊ መነጽሩን አድርጎ መጣ። ከአክተሩ ሰደርያ ላይ የሰዓት ሰንሰለት ተንጠልጥሏል።

«ሰዓቱ እሱ ጋ ምን ይሠራል?» አለ አምብሮስ።

«ማክሰኞ ጋጣ ውስጥ ተቀበለ እኮ» አለ ዕቃ ያዡ። «አልነገሩህም?»

አምብሮስ ቀስ ብሎ ዞረ። ሮስኮን አየው። ብዙም አላየውም፤ ሰው የግድግዳ ሰዓት የሚያየውን ያህል ነው። ከዚያ መነጽሩን አስተካከለና «መልካም» አለ። «ምንም የሌለው ሰው ምን እንደሚል እንየው።»

የዚያን ቀን አምብሮስ የሠራውን የሚያህል ሥራ ሮስኮ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየም። ስለ አባትየው ሲናገር ባዶ መዳፉን ዘረጋ፤ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር አርፎበት እንደነበረ፣ ክብደቱም እስካሁን እንዳለ ሁሉ። ድምፁን አላነሣም። ሲጨርስ አክተሩ የራሱ ተራ መድረሱን ረስቶ ቆመ።

በግንቦት ፊልሙን ፓሳዴና ውስጥ አንድ ሲኒማ ቤት ወስደው ለሕዝብ ሞከሩት። ተመልካቹ ሲወጣ አስተያየቱን ካርድ ላይ ይጽፋል። «የቴሌግራሙ ሰውዬ አስለቀሰኝ» የሚል ካርድ ከአንድም አምስት መጣ። ስለ ጋጣ ጠባቂው የጻፈ ሰው አልነበረም። ግን ፊልሙ በአሥራ አንድ ደቂቃ ረዝሟል። አከፋፋዮቹ ይጠር አሉ። የአምብሮስ ንግግር አራት ደቂቃ ነበር፤ ቢወጣ ከየት መጣ የሚባል ዕቃ የለበትም። ወጣ።

ሮስኮን በሚያዝያ አላሰናበቱትም፤ ፊልሙ ገበያ ሲያገኝ ኮንትራቱን ለሰባት ዓመት አደሱለት። ልጅ ተወለደች፣ ኔል አሏት። ክርስትናዋ ለሰኔ የመጀመሪያ እሑድ ተቆረጠ።

ቅዳሜ ጠዋት አምብሮስ ሻንጣ ይዞ መጣ፤ በሌላው እጁ ያ ጥቁር ሱፍ በመስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል። በረንዳው ደረጃ ላይ ቆመ፣ አልወጣም። ከውስጥ ዴሊያ ሕፃኗን ስታጥብ የውሃው ድምፅና ዘፈኗ ይሰማል።

«ሱፋችንን አመጣሁ» አለ አምብሮስ። «የሱሪው ልክ አሁን ያንተው ይሁን። ዴሊያም ከስፌቱ ትረፍ።»

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«ባቡሩ እኩለ ቀን ላይ ነው።»

«ነገ እኮ...»

«አውቃለሁ ነገ ምን እንደሆነ።»

ሮስኮ ሱፉን ተቀበለ። አምብሮስ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን አየ፣ መልሶ አደረገው። «የምትለኝ ነገር አለ ሮስኮ?»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሮስኮ በሐሳቡ በዚህች ደረጃ ላይ ያልተመላለሰበት ሳምንት የለም። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶለት ነበር። ሰውየው ቆሟል፣ ጠይቋል፣ ጊዜ ሰጥቶታል። ሮስኮ ግን በሁለት እጁ ሱፉን እንዳቀፈ፣ «መልካም መንገድ» አለ።

«ዴሊያን ልጥራት?» ብሎ ጨመረ።

«ተዋት፣ ሕፃኗን ይበርዳታል።»

አምብሮስ የመንገዱ ጥግ ላይ ሲታጠፍ ዴሊያ እጇን እየጠረገች ወጣች። «ማን ነበር?»

«አምብሮስ። አዮዋ ሄደ።»

«ምን? ዛሬ? ነገ ክርስትና እያለ? ምን ሆነ?»

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛውን በደል ያደረገው። «እንጃ» አለ ሮስኮ። «ምክንያቱን አልነገረኝም።»

ዴሊያ ደጅ ላይ ቆማ መንገዱን አየች። በማግስቱ የጎረቤት ሰው ኔልን ክርስትና አነሣት። ዴሊያ ቂም የምትይዝ ሴት አልነበረችም፤ ይሄን ግን ያዘችው። በየገናው ከአዮዋ ፖስታ ይመጣል። «የኔን ልጅ ትቶ የሄደ ሰው ካርድ አያስፈልገኝም» ትልና ሳትከፍተው ወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። ሮስኮም አይከፍተውም። ቢመልስለት ከምን ይጀምራል?

እንዲህ ሆኖ አሥራ ስድስት ዓመት ሄደ። ሮስኮ ቁልፍ አቀበለ፣ ኮፍያ አቀበለ። ጸጉሩ ሲሳሳ ከመጠጥ ቀጂነት ወደ ዳኝነት ከፍ አደረጉት። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ፤ የድሮ ፊልሞችን ሁሉ እያወጣ በየቤቱ ያሳይ ጀመር።

አንድ እሑድ ከሰዓት ዴሊያ ልብስ እየተኮሰች ጠራችው። «ና፣ ያንተ ፊልም ነው! አየህ፣ ምን የመሰለ ጸጉር ነበረህ!»

ሮስኮ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ጋጣው መጣ። ሰዓቱን አቀበለ። አክተሩ መንገድ ተሻግሮ ቀጥታ መጠጥ ቤት ገባ።

ዴሊያ ካውያዋን ቀጥ አድርጋ አቆመች። «ቆይ እንጂ። አምብሮስ የታለ? እዚህ ላይ አልነበረም? አንድ ገጽ ተኩል ብሎ ሲጨፍር?»

«ቆርጠው አወጡት።»

«ለምን?»

«ረዝሞ።»

ዴሊያ ቴሌቪዥኑን አየች። አክተሩ ሰዓቱን አውጥቶ አየ። «አዬ ጉድ» አለች ቀስ ብላ። «ስንት ዓመት ሙሉ ስረግመው። አፍሮ ነው የሄደው ማለት ነው። አንተ ይሄን ታውቅ ነበር?»

ሮስኮ ግቢ ውስጥ ውሃ ክፍት ትቼ መጣሁ ብሎ ወጣ። ብርቱካኑ ሥር ብዙ ቆመ። የቧንቧው ውሃ ዝግ ነበር።

በማግስቱ ቆራጯን ኢርማን ሊያይ ግሌንዴል ሄደ። ጡረታ ወጥታ ከሦስት ድመቶች ጋር ትኖራለች።

«ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የተቆረጠ ነገር?» አለች። «አንተ ሰው፣ እሱ ተቃጥሎ አመድ ሆኗል።» ግን ተነሥታ ጓዳ ገባች። አንድ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ጣሳ ይዛ ተመለሰች። «አንዳንዱን መጣል ያቅተኝ ነበር። በሹራብ መሥሪያ ቦርሳዬ እያስገባሁ ጥቂት ጥቂት እወስዳለሁ። የሱ አንድ ክንድ ያህል አለ።»

ሮስኮ ጣሳውን ተቀበለ።

«ላንተ አንድ ነገር ልንገርህ» አለች ኢርማ። «ሁለታችሁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ግማሽ ቀን ተቀምጫለሁ። ያንተን አውጥቼ የሱን ላስቀር ሞከርኩ። በላይም በታችም ሞከርኩ። ያ ሰዓት አልለቅ አለኝ።»

ለዴሊያ አዮዋ የድሮ ወዳጅ ሊጠይቅ እንደሚሄድ ነገራት። ስሙን አልጠራም፤ እሷም እያየችው አልጠየቀችም። ሁለት ቀን በባቡር ሄደ። ኬልተን የምትባል ከተማ፣ ዋናው መንገድ ላይ፣ «ፊንችና እህቱ» የሚል ሱቅ አገኘ። አምብሮስ ከባንኮኒው ኋላ ሚስማር እየመዘነ ነበር።

«ምን ላግዝዎት?» አለ ቀና ሳይል። ቀጥሎ ቀና አለ።

ሮስኮ ወደ ባንኮኒው ተጠጋ።

«አርጅተሃል» አለ አምብሮስ።

«ያንተም ጆሮ አድጓል።»

«እሱ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።» ሚስማሩን ወደ ሚዛኑ መለሰ። «ምን ይዘህ ነው የመጣኸው?»

ሮስኮ ጣሳውን ወደ ፊት ዘርግቶ ነበር፤ ከበሩ ጀምሮ እንደዘረጋ ነው የገባው። «ያንተ ክፍል ነው። ኢርማ ደብቃው ኖሮ። ትንሽ ነው፣ ግን ብርሃን ላይ ብታደርገው...»

«አስቀምጠው።»

«እየው እንጂ።»

«እዚያ ላይ አስቀምጠውና እጅህን ከላዩ አንሣ።» ሮስኮ አስቀመጠ። አምብሮስ ከላይ እስከ ታች አየው። «አሁን እጅህ ባዶ ነው። እስቲ የመጣህበትን ተናገር።»

ሮስኮ ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሰው የጻፈለትን ነው የተናገረው፤ ያውም ጥቂት ቃል። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። «ሰዓቱን የወሰድኩብህ እኔ ነኝ» አለ። «ድንገት አይደለም፤ አውቄ ነው። እንደሚቆርጡህም አውቄ ነበር። ፈርቼ ነው።»

አምብሮስ መልስ ሳይሰጥ በሩ ተከፈተና አንድ ገበሬ ገባ። ሮስኮን አየ፣ መልሶ አየ። «አንተን የት ነው የማውቅህ?»

«የፊልም ሰው ነው፣ ከካሊፎርኒያ» አለ አምብሮስ።

«ኧረ! ባለፈው እሑድ ያየሁት! ያ ሰዓቱን የሰጠው!»

«አዎ» አለ አምብሮስ። «እሱ ነው።»

ገበሬው የሮስኮን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ ነቀነቀ፣ የበር ማጠፊያ ገዝቶ እየሳቀ ወጣ። አምብሮስ ሂሳቡን መሳቢያ ውስጥ ከተተ።

«ሰዓቱን እኔም ብሆን ልወስደው እችል ነበር» አለ በመጨረሻ። «ያስተማርኩህ እኔ፤ ምን አፍ አለኝ። ደረጃው ላይ ግን ቆሜልህ ነበር። ያኔ ብትነግረኝ በጥፊ እልህና፣ ተሳድቤ፣ በማግስቱ ልጅቷን ክርስትና አነሣ ነበር። ባቡሩን ለሰኞ አደርገው ነበር።» ሚስማሩን በጣቱ ገፋ አደረገ። «ዴሊያ ይሄን ስትሰማ ምን አለች?»

ሮስኮ መሬት መሬቱን አየ።

«አልነገርካትም?»

«ምክንያቱን ሳትነግረኝ እንደሄድክ ነው የምታውቀው።»

የአምብሮስ ፊት የተለወጠው ያኔ ነው። ሰዓቱን ሲሰማ ያልተለወጠው፣ ያኔ ተለወጠ። «አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ» አለ። «መልስ የማትሰጠኝ አፍራልህ ይመስለኝ ነበር። ሳልሰናበታት በገዛ እጄ እንደተውኳት ነው የምታስበው?»

«አዎ።»

አምብሮስ የወረቀት ከረጢት አነሣ። «ቤትህ የላላ በር አለ?»

«የወጥ ቤቱ።»

ስድስት ብሎን ቆጥሮ ከረጢቱ ውስጥ ጨመረ፣ ጫፉን አጠፈ፣ ከጣሳው ጋር ባንኮኒው ላይ ገፋለት። «ጣሳውን መልሰህ ውሰደው። እኔ የሠራሁትን አውቀዋለሁ። ለሷ አሳያት። ባቡርህ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ ሱቁን ትቼ አልሸኝህም።»

ሮስኮ ቤቱ የደረሰው ዓርብ ረፋዱ ላይ ነው። ኔል ትምህርት ቤት ነች። ዴሊያ ድንች ትልጣለች። ካፖርቱን ሳያወልቅ ጣሳውን ከፈተና የፊልሙን ቁራጭ በወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ዘረጋው። በየትንንሹ ምስል ውስጥ አንድ ረጅም ሰው መዳፉን ዘርግቶ ቆሟል።

ዴሊያ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። «አምብሮስ» አለች። ቆየችና፣ «እጁ ላይ ምን ይዟል?»

«ምንም። የሚይዘውን እኔ ወስጄበት ነበር።»

ነገራት። ማክሰኞን ነገራት፣ ሐሙስን ነገራት፣ ደረጃውን ነገራት። ‹ምክንያቱን አልነገረኝም› ያለው ውሸት እንደነበረ ነገራት። ዴሊያ አላቋረጠችውም፣ አላለቀሰችምም። ሲጨርስ ቧንቧውን ዘጋች፣ መሳቢያውን ከፈተች፣ አሥራ ስድስቱን ፖስታ አውጥታ በድንች መላጫው ቢላዋ አንድ በአንድ ቀደደቻቸው። እያንዳንዱ ላይ አንድ ወይ ሁለት መስመር ነው ያለው። «ኔል ጥርስ አወጣች?» «ኔል ትምህርት ቤት ገባች መሰለኝ፤ ቁጥር ከከበዳት ሚስማር እልክላታለሁ።» «ሱሪው አሁንም ይበቃዋል?» «ዘንድሮ አሥራ አምስት ሆነች። እንኳን ደስ ያለሽ ዴሊያ።»

የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የብሎኑን ከረጢት አገላብጣ አየች። ከሱቁ ስም በታች የስልክ ቁጥር ታትሟል። ሄዳ ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አነሣች፣ ለኦፕሬተሯ ቁጥሩን ቀስ ብላ ነገረቻት። ጠበቀች።

«አምብሮስ?» አለች። «ዴሊያ ነኝ።»

ለሮስኮ ጀርባዋን ሰጥታ ገመዱን እስከ ጥጉ ሳበችው። ብዙ ጊዜ አዳመጠች። «አይ» ስትል ሰማት፤ «የለም፣ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ዛሬ ነው የነገረኝ።» ከዚያ ደግሞ «ጆሮህን አልወረሰችም፣ አይዞህ» ብላ ሳቀች።

ሮስኮ ከከረጢቱ አንድ ብሎን አወጣ። ሄዶ የላላውን በር በትከሻው ደግፎ ቆመ። መፍቻው ግን ዴሊያ በተደገፈችው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እሷም አልዞረችም። ብሎኑን በመዳፉ እንደያዘ፣ ወሬያቸው እስኪያልቅ ጠበቀ።